የፖም ዛፉ ልጆች

ሮበርት ሎክሃርት የበፍታ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ተወልዶ ያደገው በስኮትላንድ፣ በሽመና በታወቀችው በደንፈርምሊን ከተማ ነው። ኑሮውን ኒውዮርክ ካደረገ በኋላም ሥራው እያስገደደው ባሕር እየተሻገረ ወደ ትውልድ አገሩ ይመላለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ከእነዚህ ጉዞዎቹ በአንዱ ሴንት አንድሩስ ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ጎራ አለና የቶም ሞሪስ ሱቅ ገባ። ሽማግሌው ሞሪስ የብሪታንያን ኦፕን ሻምፒዮና አራት ጊዜ ያሸነፈ፣ የከተማይቱን የጎልፍ ሜዳ የሚጠብቅ፣ ዱላና ኳስ እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነው። ሎክሃርት ስድስት ዱላና ሁለት ደርዘን ኳስ አዘዘ። ከዱላዎቹ ሦስቱ ራሳቸው ከእንጨት፣ የቀሩት ሦስቱ ከብረት የተሠሩ ነበሩ። ዕቃው በመርከብ ተጭኖ ኒውዮርክ ገባ።

ኳሶቹ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ሙጫ የተሠሩ ናቸው። ሙጫው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። በብርድ ቀን አጥብቀው ሲመቱት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ግን አይጣልም። አለስልሶ እንደገና ማድቦልቦል ይቻላል። ከእሱ በፊት የነበረው በላባ የተጠቀጠቀ የቆዳ ኳስ በጣም ውድ ስለነበር፣ ጎልፍ ከጥቂት ባለጠጎች እጅ ወጥቶ ለነጋዴና ለፋብሪካ ኃላፊ የደረሰው በዚህ ሙጫ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ሎክሃርት ዱላዎቹን በመጀመሪያ የሞከረው ራሱ ነው። ልጆቹን ይዞ በማንሃተን ምዕራብ፣ በወንዙ ዳር ወደነበረ ገላጣ ሜዳ ወርዶ ኳስ ሲመታ አንድ ፈረሰኛ ፖሊስ አይቶ እንደቆመ ይተረካል። ፖሊሱ ነገሩ አጓጉቶት ‘እስቲ እኔም ልሞክር’ አለ። የመጀመሪያዋ ምት ሰመረችለት፤ ከዚያ በኋላ ግን አየር እየመታ ተቸገረ። ተረቱ በየተራኪው ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል። እኔ ለእውነት የቀረበ የሚመስለኝ ስለ ፖሊሱ አመታት በሚናገረው ምክንያት ነው፦ ጎልፍ የሞከረ ሰው ሁሉ የመጀመሪያዋን መልካም ምት የሚያውቃት እንዲሁ ነው።

ዕቃው ግን የታሰበው ለሌላ ሰው ነበር። ጆን ሪድ የሎክሃርት የልጅነት ጓደኛ፣ የደንፈርምሊን ልጅ ነው። አሜሪካ ገብቶ ጄ. ኤል. ሞት የተባለው የብረታ ብረት ፋብሪካ ኃላፊ እስከመሆን ደርሷል። ቤቱ ከኒውዮርክ በስተሰሜን፣ ሃድሰን ወንዝን ተንተርሳ በተቆረቆረችው በዮንከርስ ነበር። ዮንከርስ በዚያ ዘመን የምንጣፍ ፋብሪካዎችና የኦቲስ አሳንሰር መሥሪያ ያሉባት፣ ከቀን ወደ ቀን የምትሰፋ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ይህን መስፋቷን ልብ ይበሉልኝ፤ ቆየት ብሎ ይመጣበታል።

የካቲት ውስጥ ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1888። በእኛ አቆጣጠር 1880 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቀኑ የጆርጅ ዋሽንግተን ልደት ስለሆነ ሥራ ዝግ ነበር፤ አየሩም ለክረምት እንግዳ በሆነ ሁኔታ ሞቅ ብሏል። ሪድ ጥቂት ጎረቤቶቹን ጠርቶ ከቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው የላም ግጦሽ ወሰዳቸው። ሦስት አጫጭር ጉድጓዶች አዘጋጁ። ዱላው ለሁሉም ስለማይበቃ ሪድና ጆን አፕሃም ብቻ ተጫወቱ፤ ሌሎቹ እየተከተሉ ተመለከቱ። ተመልካቾቹ ሃሪ ሆልብሩክ፣ ኪንግማን ፑትናም፣ ሄንሪ ታልማጅ፣ አሌክሳንደር ኪናን ነበሩ። ሁሉም ራሳቸውን የቻሉ፣ ሥራና ቤተሰብ ያላቸው ጎልማሶች ናቸው። ማታ ሲለያዩ ሁሉም ዱላ ለማግኘት ቸኩለው ነበር።

ሦስቱ ጉድጓድ ያለበት ሜዳ ብዙ ሳይቆይ በረዶ ተጫነበት። በማርች ወር ከ11 እስከ 14 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የወረደው የበረዶ ማዕበል ከ400 በላይ ሰዎች የሞቱበት፣ ባቡር በሐዲዱ ላይ የቀበረ፣ የኒውዮርክን የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ የበጣጠሰ ነው። ለሳምንታት ጎልፍ የሚባል ነገር አልታሰበም። በረዶው ሲቀልጥ ጨዋታው ቢመለስም፣ ግጦሹ ለስድስት ሰው እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። የመጀመሪያው ሜዳ ዕድሜ በዚሁ አበቃ።

እዚህ ላይ የ‘መጀመሪያነት’ ነገር ይነሳል። በቻርለስተን፣ ደቡብ ካሮላይና፣ በ1786 የጎልፍ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። በዌስት ቨርጂኒያ ኦክኸርስት የሚባል ሜዳ በ1884 ተጫውተንበታል የሚሉ አሉ፤ በፔንሲልቬንያ ያለችው ፎክስበርግም 1887ን ትጠራለች። እኔ በዚህ ክርክር መግባት አልፈልግም። የዮንከርሶቹን ከሌሎቹ የሚለያቸው ከዚያች የበዓል ቀን ጀምሮ ጨዋታቸው አለመቋረጡ ነው። ሜዳው ሲጠብ፣ ሲወሰድ ወይም ሲተው ሰዎቹ ዱላቸውን ተሸክመው ወደሚቀጥለው ሄደዋል።

ሁለተኛው ሜዳ በብሮድዌይና በሾናርድ ጎዳና መገናኛ የነበረ ወደ 12 ሄክታር የሚሆን መስክ ነው። ባለቤቱ ጆን ሾትስ የሚባል ጀርመናዊ ሥጋ ሻጭ ሲሆን ከልካይ አልሆነባቸውም። በ1888 የጸደይ ወራት ገብተው ስድስት ጉድጓድ ዘረጉበት። ከዚያ ዓመት የቀረ አንድ ዝነኛ ፎቶግራፍ አለ፤ በአሜሪካ የጎልፍ ጨዋታ ከተነሡት ፎቶዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ሪድ፣ ሆልብሩክ፣ ኪናንና አፕሃም በኮትና በባርኔጣ ሆነው ሣሩ ላይ ቆመዋል። ዱላ የያዙላቸው ሁለት ትንንሽ ልጆች የሆልብሩክ ናቸው። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው አሁን ‘ግሪን’ የሚባለው ተከርክሞ የተለሰነ መሬት የለም። ያለው ከብት የጋጠው ሣር ነው።

ኖቬምበር 14 ቀን 1888 ሪድ ቤት እራት ተበልቶ ካበቃ በኋላ ማኅበር ለማቋቋም ተስማሙ። ስሙን ዱላው ከተገዛባት ከተማ ወስደው የሴንት አንድሩስ ጎልፍ ክለብ አሉት። ሪድ ፕሬዚዳንት፣ አፕሃም ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሆነ። ሎክሃርትንም በአባልነት ተቀበሉት፤ እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ጠንሳሽ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። በተከታዩ ዓመት ማርች 30 ሴቶች ገቡበት፤ የሪድ ባለቤትና አፕሃም በአንድ ወገን፣ ሪድና ካሪ ሎ የተባለች ወይዘሪት በሌላ ወገን ሆነው ተጫወቱ። ያሸነፉት እነ ወይዘሮ ሪድ ናቸው። ስለዚህች ቀን ከዚህ ያለፈ ብዙ ነገር ባለመጻፉ አዝናለሁ። ሴቶቹ እነዚያን ረጃጅም ቀሚሶች ለብሰው ያንን ረባዳና ጉብታ እንዴት እንደዘለቁት ቢነገረን ደስ ባለኝ።

ከተማው ግን በአንድ ዓይን አላያቸውም። ትልልቅ ሰዎች በግጦሽ መሐል ትንሽ ኳስ እያሳደዱ መዋላቸው ለብዙዎች ግራ ነበር። እሑድ እሑድ መጫወታቸው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ተግሣጽ አስከተለባቸው። እነሱ ተግሣጹን ሰምተው በጨዋታቸው ቀጠሉ።

ሥጋ ሻጩ መስክ ላይ አራት ዓመት ገደማ ቆዩ። ዮንከርስ በ1890 ወደ 32,000 ሕዝብ ነበራት፤ በ1900 ወደ 48,000 ትደርሳለች። ለዚህ ሁሉ ሰው መንገድ ያስፈልጋል። በ1892 ከተማው ፓሊሴድ አቬኑ የሚባለውን ጎዳና ወደ ሰሜን ሲያስረዝም መንገዱ በስድስቱ ጉድጓድ መሐል አለፈ። ክርክርም ካሣም የተነሳበት አይመስልም፤ መሬቱ ድሮም የእነሱ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ነው ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝ።

በዚያው ጎዳና ጥቂት አለፍ ብሎ የዌስተን ርስት የሚባል ወደ 14 ሄክታር የሚሆን የፖም እርሻ ነበር። ከፍታ ላይ ስለሆነ ሃድሰን ወንዝና ከማዶ ያለው የፓሊሴድስ ገደል ወለል ብሎ ይታያል። በ1892 የጸደይ ወራት ወደዚያ ተሻገሩ። ስድስቱን ጉድጓድ ለመዘርጋት አንድ ቀን በቂ ሆነ ይባላል፤ የሜዳው ርዝመት በጠቅላላ ከ1,400 ሜትር አይበልጥም። የዛሬ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ከዚህ በአራት እጥፍ ይረዝማል።

የክለብ ቤት አልነበራቸውም። ከመነሻው አጠገብ አንድ ትልቅ የፖም ዛፍ ቆሟል፤ ግንዱን ዙሪያውን የሚከብ አግዳሚ ወንበር ተሠራለት። ሰው ሲመጣ ኮቱን አውልቆ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላል። ምሳው በቅርጫት ሆኖ ከኮቱ ጎን ይንጠለጠላል፤ ስኮትላንዶቹ ያለ እሱ የማይንቀሳቀሱበት የውስኪ ጋን ደግሞ ከጥላው ሥር ይቀመጣል። ከዚያ ከሳጥን ውስጥ እርጥብ አሸዋ በጣት ቆንጥሮ ትንሽ ጉብታ መሥራትና ኳሱን በላዩ ማስቀመጥ ነው። የእንጨት መቆሚያ ገና አልተለመደም። ስድስቱን ጉድጓድ ዞረው ሲጨርሱ ተመልሰው የሚያርፉት እዚያው ዛፍ ሥር ነው፤ ከተመቻቸው ደግሞ ተነሥተው ሁለተኛ ዙር ይጀምራሉ።

በእርሻ ውስጥ ጎልፍ መጫወት የራሱ ጠባይ አለው። ስኮትላንድ ውስጥ ጨዋታው የተወለደበት የባሕር ዳር መሬት ዛፍ የለውም፤ ተጫዋቹን የሚፈትነው ነፋስና አሸዋ ነው። እዚህ ግን ፈተናው ቅርንጫፍ ሆነ። ኳስ ከፍ ብላ ብትሄድ ከዛፉ ጋር ትጋጫለች፣ ዝቅ ብትል ግንድ ያነጥራታል። ፖሙ ሲበስልና ሲረግፍ ነጯን ኳስ ከወደቀው ፍሬ መሐል መለየት ምን ያህል እንደሚያደክም መገመት አያዳግትም። ሪድና ጓደኞቹ ይህን ሁሉ እንደ ጨዋታው ሕግ ተቀበሉት። ከሌላ ቦታ ለእንግድነት የሚመጡ ተጫዋቾች ‘የፖም ዛፉ ልጆች’ የሚል ስም አወጡላቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ከእነሱ ጋር ቀረ።

ይህ ስም ዛሬ ለመጀመሪያዋ የበዓል ቀን ጭምር ይሰጣል፤ ብዙ መጻሕፍት አሜሪካ ውስጥ ጎልፍ ፖም ዛፍ ሥር ተጀመረ ይላሉ። የመጀመሪያው ሜዳ ግጦሽ ነው፤ ሁለተኛውም ግጦሽ ነው። ፖሙ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም መታረሙን እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ስሙን ያገኙት ጨዋታውን ስለጀመሩ ሳይሆን አብሮ መቀመጡን ስላወቁበት ነው። በግጦሹ ዘመን ጨዋታውን እየተማሩ ነበር። ወንበሩን ግንዱ ላይ የሠሩት ሲችሉበት ነው።

ሆኖም በሁለት ዓመት ውስጥ ይህንንም ትተውት ወጡ። በዚህ ጊዜ ያስወጣቸው መንገድ አልነበረም።

እነሱ ፖም ዛፍ ሥር ሲሰባሰቡ ጎልፍ በየቦታው እየተስፋፋ ነበር። በሎንግ አይላንድ ደሴት ሺነኮክ ሂልስ የሚባል ክለብ በ1891 ተቋቁሞ በማግስቱ ዓመት በታዋቂው አርኪቴክት በስታንፎርድ ዋይት የተነደፈ የክለብ ቤት ሠራ። ቺካጎ ላይ ቻርልስ ብሌር ማክዶናልድ የሚባል ሰው በ1893 ሙሉ 18 ጉድጓድ አዘጋጀ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። ኒውፖርት ላይ የስኳር ነጋዴው ቴዎዶር ሃቭማየርና ባልንጀሮቹ ገንዘብ አፈሰሱበት። በዮንከርስ ግን ያው ስድስት ጉድጓድ፣ ያው አግዳሚ ወንበር ነበር። አዲስ የገቡት አባላት ይህ አሳፈራቸው። ከነባሮቹ መካከል ያለን ይበቃናል የሚሉ ነበሩ፤ ሜዳው ቢሰፋ ወጪው ይበዛል፣ አባላቱ ይበረክታሉ፣ እርስ በርስ መተዋወቁ ይቀራል ብለው ሰጉ። ስጋታቸው አላዋቂነት አልነበረም። ግን በስድስት ጉድጓድ ከሌላው ክለብ ጋር እኩል መቆም እንደማይቻል እነሱም ያውቁታል። ወጣቶቹ አሸነፉ።

በ1894 የጸደይ ወራት ከከተማው ወጣ ወዳለ ግሬይ ኦክስ ወደሚባል ስፍራ ሄዱ። በኦደል ቤተሰብ እርሻ ላይ ዘጠኝ ጉድጓድ ተዘጋጀ፤ መቶ ዓመት ያለፈው የገበሬ ቤትም የክለቡ ቤት ሆነ። ሰው ኮቱን የሚሰቅለው ከዚህ በኋላ በግድግዳ ምስማር ላይ ነው።

መስፋቱ ወዲያው ፍሬ አፈራ፤ ጣጣም አመጣ። በሴፕቴምበር 1894 ኒውፖርት የአገሪቱን ምርጥ አማተር የሚለይ ውድድር አዘጋጀ። ማክዶናልድ ከቺካጎ መጥቶ በዊልያም ሎውረንስ በአንድ ምት ተበለጠ። ሜዳውን የሚያቋርጠው የድንጋይ አጥር ኳሱን ስለያዘበት አልተቀበለውም፤ ምት በመቁጠር የሚደረግ ውድድርም የአገር ሻምፒዮና ሊሆን አይችልም አለ። በኦክቶበር የዮንከርሶቹ ክለብ ተራውን ወስዶ በአዲሱ ሜዳ ሌላ ውድድር ጠራ፤ በዚህኛው አንድ ለአንድ እየተገጠመ ተሸናፊ ይወጣል። ማክዶናልድ እስከ ፍጻሜው ደርሶ የባለቤቶቹ ክለብ ተጫዋች በሆነው በሎውረንስ ስቶዳርት በተጨማሪ ጉድጓድ ተሸነፈ። ያኔም ተቃወመ፤ አንድ ክለብ ብቻውን ተነሥቶ የአገር ሻምፒዮን የመሰየም ሥልጣን የለውም አለ።

ማክዶናልድ አስቸጋሪ ሰው ነበር። በዚህች ነጥብ ላይ ግን ትክክል ነው። የተናገረውም ሳይሰማ አልቀረም። በመጀመሪያዋ ቀን ዱላ ሳይደርሰው ዳር ቆሞ ሲመለከት የነበረው ሄንሪ ታልማጅ ለአምስት ክለቦች ጥሪ ላከ፦ ለሺነኮክ ሂልስ፣ ለኒውፖርት፣ ለብሩክላይኑ ካንትሪ ክለብ፣ ለቺካጎና ለራሱ ለሴንት አንድሩስ። ዲሴምበር 22 ቀን 1894 ኒውዮርክ ውስጥ በካሉሜት ክለብ እራት ተቀመጡ። የዛሬው የዩናይትድ ስቴትስ ጎልፍ ማኅበር የተቋቋመው በዚያ እራት ላይ ነው። ሃቭማየር ፕሬዚዳንት፣ ታልማጅ ጸሐፊ ሆኑ። በማግስቱ ዓመት በኦክቶበር ማኅበሩ የመጀመሪያውን ይፋ የአማተር ሻምፒዮና ኒውፖርት ላይ አካሄደ። ማክዶናልድም አሸነፈ።

በዘመኑ ጎልፍ እንዴት እንደተስፋፋ ለማሳየት አንድ አኃዝ ይበቃል። በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ የጎልፍ ሜዳ እንደነበር ይነገራል። ሪድ ጉድጓዶቹን ግጦሹ ላይ ካዘጋጀ ገና 12 ዓመቱ ነው።

የዘጠኝ ጉድጓዱ ሜዳም አልበረከተም። ክለቡ በ1897 ሄስቲንግስ ኦን ሃድሰን ወደሚባለው አካባቢ፣ ወደ ማውንት ሆፕ ኮረብታ ተሻግሮ 18 ጉድጓድ አዘጋጀ። የብረት ቱጃሩ አንድሩ ካርኔጊ አባል ሆኖ በዚያ ትንሽ የራሱ ማረፊያ ቤት ነበረው፤ ካርኔጊም የደንፈርምሊን ልጅ ነው። አምስተኛው ሜዳ ነበርና ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሱም። በ1980ዎቹ ጃክ ኒክላውስ ሜዳውን እንደ አዲስ ነድፎታል፤ ክለቡ ዛሬም እዚያው ነው።

አምስቱን ሜዳዎች ተራ በተራ ሳስብ የመጀመሪያው ስለጠበባቸው፣ ሁለተኛው ስለተወሰደባቸው ለቀውታል። በእነዚህ ምንም ቅር አይለኝም። የፖሙን እርሻ ግን ማንም ሳያስገድዳቸው ተዉት። ይህን የምለው ልወቅሳቸው አይደለም፤ እዚያው ቢቀሩ ኖሮ የካሉሜቱ እራት ላይ ወንበር አይኖራቸውም ነበር፣ ዛሬም ስማቸውን የሚያነሣ አይገኝም ይሆናል። ቢሆንም ስድስቱ ይበቃናል ያሉት ሽማግሌዎች ያጡትን ነገር ያውቁት ነበር፤ ከእነሱ በኋላ በየክለቡ የተሠራው ትልልቅ አዳራሽ ሁሉ የሚሞክረው ያንን መመለስ ይመስለኛል።

ጆን ሪድ በ1916 አረፈ። ልጁ ጆን ሪድ ታናሹ ለዬል ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ1898 የኮሌጆችን ሻምፒዮና አሸንፏል። ሌላው ልጁ አርቺባልድ ሪድ ደግሞ በ1938 የዩናይትድ ስቴትስ ጎልፍ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሁለት ዓመት አገልግሏል።